ዋካንዳ ከእኛ ጋር የምትዋሰነው በየት በኩል ነው?

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ አራት ኪሎ እነሱ ቤት ምሳ በልተን ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና ስክሪኑን በጣቱ እየነካ «ጋሼ፣ ዋካንዳ እኮ እኛ አጠገብ ናት!» አለኝ። እውነቱን ነው። ማርቬል የተባለው የአሜሪካ ኮሚክና ፊልም ኩባንያ ካርታ ዋካንዳን የሚያስቀምጣት ቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት ጥግ ነው። «ታዲያ ድንበሩ በየት በኩል ነው? በሞያሌ?» እናቱ ከጓዳ ሆና «በቤት ሥራህ በኩል ነው» አለችው።

ዋካንዳ የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ልብ ወለድ አገር እንጂ በእውን እንደሌለች ያውቃል። ጥያቄው ግን እኔን ይዞኝ ቀረ። ቡናው ሲያልቅ «ብላክ ፓንተር»ን ከመጀመሪያው አንስቶ አብረን አየነው፤ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ፣ እሱ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ከሰዓት ውጤት ነው። የኮሚክ ጀግና ፊልም የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ትልቁንም ትንሹንም እንደሚይዝ፣ የት ላይ እንደሚያነክስ በዚህ አንድ ፊልም በኩል ላስረዳ። መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት ቅር አይበላችሁ።

ገጸ ባሕርይው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ነው። ስታን ሊ የተባለ ደራሲና ጃክ ከርቢ የተባለ ሠዓሊ «ፋንታስቲክ ፎር» በሚባለው የኮሚክ መጽሔት ቁጥር 52 ላይ ጥቁር ልብስ ለብሶ የሚዋጋ አፍሪካዊ ንጉሥ ይዘው ብቅ አሉ። ኮሚክ ማለት ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል፣ ንግግሩን በአረፋ ውስጥ እየጻፈ የሚተርክ ስስ መጽሔት ነው። የንጉሡን ቅጽል፣ «ብላክ ፓንተር»ን፣ ወደ አማርኛ እንመልሰው ካልን «ግስላ» ነው፤ አባቶቻችን ጀግንነታቸውን ለማሳየት ለምዱን ይደርቡት የነበረው አውሬ። «ግስላው» ብዬ ስጠራለት የእህቴ ልጅ ፊቱን አጨማደደ። በአማርኛ አያስፈራም አለኝ።

እኔ በልጅነቴ ፊልም የማየው ሰፈር ውስጥ ካለ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ። እዚያ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። «አክተር» የምንለው የሚተውነውን ሁሉ አልነበረም፣ ዋናውን ጀግና ብቻ ነው። ሌላው ወይ የአክተሩ ጓደኛ ነው፣ እሱ ይሞታል፤ ወይ ሌባ፣ ማለት የአክተሩ ጠላት ነው፣ እሱማ መሞቱ ግድ ነው። የልዕለ ኃያል (ሱፐርሂሮ) ፊልም ይህንኑ ሕግ ይዞ ፋብሪካ ያቆመ ሥራ ነው።

ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2008 «አይረን ማን» በሚለው ፊልም ተከፈተ፤ በዓመቱ ዲዝኒ ማርቬልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ብልሃቱ ፊልሞቹን እንደ ባቡር ፉርጎ ማያያዝ ነው። አንዱን ስታይ የቀጣዩን ቲኬት በግማሽ ገዝተሃል። ብላክ ፓንተር አሥራ ስምንተኛው ፉርጎ ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ባዶ ወረቀት አልተሰጠውም። ጀግናው ይተዋወቃል፣ አንድ ትልቅ ነገር ያጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ ከተማ የሚያህል ጠብ ይነሣል፣ ከዚያ በሩ ለሚቀጥለው ፊልም ገርበብ ይላል።

ይህ ቅደም ተከተል በራሱ ነውር አይደለም። ሠርግ የሄደ ሰው ሙሽራዋ ትመጣለች ወይስ ትቀራለች ብሎ አይጨነቅም። ሚዜዎቹ በር ላይ እንደሚያዙ፣ «አናስገባም ሰርገኛ» እንደሚዘፈን፣ በመጨረሻ እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል። የሚሄደው አዘፋፈኑን፣ አለባበሱን፣ የወጡን ቅመም ሊያይ ነው። የጀግና ፊልምም የሚለካው እንዲሁ ነው፤ ሥርዓቱ ውስጥ ምን ጨመረበት? ብላክ ፓንተር የጨመረው ብዙ ነው፣ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የወጣው የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በዚያች ዕለት አዲስ አበባ ሌላ ሥራ ነበራት። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ያስታወቁት የካቲት 8 ነው፤ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፊልሙን እኔ ያየሁት ከሳምንታት በኋላ፣ አዋጁ ሳይነሣ፣ መሀል ከተማ ካለ ሲኒማ ቤት ነው። ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው ባዶ በቀረ ዙፋን ነው። ንጉሡ ሞቷል፤ ልጁ ቲቻላ ሊነግሥ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሥርዓቱ እንደሚያዘው ፏፏቴ አናት ላይ ቆሞ «የሚገዳደረኝ ይምጣ» ይላል፤ የተራራው ጎሣ አለቃ ብቅ ብሎ ይገጥመዋል። ሁለቱ በቡጢና በጦር ሲፋለሙ ከኋላዬ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ምርጫ ቦርድ የላቸውም እንዴ?» አለ። አዳራሹ ፈረሰ። ወዲያው መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ወሬ ተቀየረ። እኔ የዚያን ወር ወሬ እንደዚያ በጨለማ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ቀልዱ ቁም ነገርም አለው። በመግነጢስ የሚንሳፈፍ ባቡር የሠራች፣ ከዓለም ሁሉ በሳይንስ የቀደመች አገር መሪዋን የምትመርጠው ማን ማንን ከገደል ይወረውራል ብላ ነው። ፊልሙ ይህን የሚያነሣው ትዕይንቱ ስለሚያምር ነው፤ ሥርዓቱ ክፉ ሰው ሲያነግሥ ማንም «ሕጉን እንቀይረው» አይልም። ችግሩ የወንበሩ ሳይሆን የተቀማጩ ይሆናል። በዚህ ረገድ ዋካንዳ ጎረቤታችን ናት ብል ማጋነን አይደለም።

ወደ መልካሙ ልመለስ። መጀመሪያ ልብሱ። የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተር ከአኅጉሩ ዳር እስከ ዳር ለቅማለች። የንግሥቲቱ ሰፊ ባርኔጣ የዙሉ ባለትዳር ሴቶች ባርኔጣ ነው፣ ግን በሥሪ ዲ ማተሚያ የታተመ። የድንበር ጠባቂዎቹ የሌሶቶ ሰዎችን ብርድ ልብስ ይደርባሉ። የንጉሡ ሴት ዘቦች ቀይና ጨሌ ከማሳይ የመጣ ነው። ካርተር ለዚህ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች፤ በአልባሳት ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። ፊልሙ በጠቅላላ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ሦስት አገኘ፤ ለምርጥ ፊልም ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ኃያል ፊልምም እሱ ነው። 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበት ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ። ገንዘቡን የማነሣው ለዓመታት «ጥቁር የሚመራው ትልቅ ፊልም በዓለም አይሸጥም» ሲባል ስለኖረ ነው።

ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሌባው ነው። ኤሪክ ኪልሞንገር ይባላል፤ ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው የሚጫወተው። አባቱ የዋካንዳ ልዑል ነበር፤ አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በገዛ ወንድሙ፣ በንጉሡ እጅ ተገደለ። ሕፃኑን ንጉሡ እዚያው ጥሎት ሄደ። ልጁ አድጎ ወታደር ሆነ፣ መግደል ተማረ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ አባቱ አገር መጣ። በእኔ አማርኛ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ እናንተ ይህን ሁሉ ሀብትና መሣሪያ ይዛችሁ ወንድሞቻችሁ በሰንሰለት ታስረው ባሕር ሲሻገሩ የት ነበራችሁ?

አብዛኛው የጀግና ፊልም ሌባ ዓለምን ማጥፋት ነው የሚፈልገው፤ ለምን ብትለው እሱም አያውቅም። ይኼኛው ግን ትክክል ነው። ጠመንጃውን ትተህ ጥያቄውን ብቻ ብትወስድ ጀግናው መልስ የለውም።

ጥያቄው በደንብ የሚሰማህ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ለንደን፣ የመስታወት ሣጥኖች፣ ቡናዋን የያዘች ባለሙያ። ኪልሞንገር ስለ ዕቃዎቹ በትሕትና ይጠይቃታል፣ እሷም ከየት እንደመጡ ታብራራለታለች። አንዱ መጥረቢያ ላይ ሲደርሱ ተሳስተሻል፣ ይኼ የዋካንዳ ነው ይላታል፤ ልወስደው ነው ሲላት ደግሞ የሚሸጥ አይደለም ትለዋለች። ያን ጊዜ ይዞርባታል፤ አያቶችሽ በተገቢው ዋጋ ገዝተውት ይመስልሻል? አዳራሹ ውስጥ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ የሄደውን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለማ! ነገሩን ይበልጥ የሚገርመኝ ፊልሙ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዘውድና ጽዋ ለኤግዚቢሽን ማውጣቱ ነው። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ አሉ። በውሰት! ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ አሥራ አንድ ታቦታት ማንም በማያያቸው ክፍል ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል። የፊልሙ ጸሐፊዎች ስለ እኛ እያሰቡ ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም፤ ትዕይንቱ እዚህ ሲታይ ስለ እኛ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ ይህን የሚያህል ጥያቄ ለሌባው ከሰጠ በኋላ ምን አደረገ? ፈራው። ተመልካቹ ከሌባው ጋር እንዳይሄድ ቶሎ ቶሎ ክፋት ይጭንበታል። አብራው የመጣችውን ፍቅረኛውን ገና ዋካንዳ ሳይደርስ ያለ ርኅራኄ ይገድላታል። ሲነግሥ አረጋዊት ካህን አንገት ይይዛል፣ የተቀደሰውን የአትክልት ቦታ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ሰሚ የለውም። በቪዲዮ ቤት ሕግ ሌባ ሆኗልና። ይህን ዘዴ አንዴ ካወቅኸው በየጀግና ፊልሙ ታየዋለህ፤ ሐሳቡን መመለስ ሲያቅት ባለ ሐሳቡን ማጥቆር።

አሁን ወደ ሚከነክነኝ ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ ስለዚህ ፊልም ሲጽፍ «ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካ ምን ትመስል ነበር?» ይላል። ለአትላንታና ለኪንግስተን ሰው ይህ ሕልም ነው። እኔ ግን ከሲኒማ ቤቱ ስወጣ የተቀበለኝ ያልተገዛችው አገር ራሷ ነበረች። ከአምስቱ የወረራ ዓመታት በቀር ባንዲራዋን ያላወረደች አገር፣ በታክሲ ሰልፏ፣ በተቆፈረ መንገዷ፣ «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ የሞላ!» በሚል ረዳቷ። እና ቀዝቃዛ ጥያቄ መጣብኝ። እነሱ ከፍ ያሉት ባለመገዛታቸው ከሆነ እኛስ?

የፊልሙ መልስ ቫይብሬኒየም ነው። ከሰማይ የወደቀ ብረት፣ ጥይት የሚያቆም፣ ቁስል የሚያድን፣ ባቡር የሚነዳ፣ ልብስ የሚሆን። እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ከእኔ ጋር የተጣላው። ዋካንዳ ውስጥ ግብር የሚከፍል አላየሁም። መምህር የለም፤ የሚዘራ ሰው የሚታየው ለውጭ ሰው መደበቂያ እንዲሆን ነው። የዓለምን ሳይንስ የቀደመችው ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራው አንዲት ልዕልት፣ ሹሪ ናት፤ ከማን እንደተማረች አይነገርም። አገር እንዴት እንደሚያድግ የሚያስረዳው ክፍል በብረት ተተክቷል። እውነተኛው ዓለም ውስጥ ማዕድን የሞላባት አፍሪካዊት አገር ምን እንደሚገጥማት ኮንጎን መጠየቅ ነው። አንድ አገር ከሰማይ በወደቀ ዕቃ ይበለጽጋል ማለት ሎተሪ እንደ ልማት ዕቅድ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የጀግና ታሪክ ሁሉ አንድ ሎተሪ አለው፤ ሸረሪት ይነክሰዋል፣ ጨረር ያገኘዋል። በዚያው ሰሞን ገደማ «ጀምበር» የሚባል የአዲስ አበባ ጀግና በአማርኛ ኮሚክ ወጥቶ ነበር፤ ልጁ ኃይሉን የሚያገኘው ሥራ እየፈለገ ነው። ይኼኛው ለእኔ ይቀርበኛል። የሰው ሎተሪ ያስቃል፣ የአገር ሎተሪ ግን ጥያቄውን ይበላዋል።

ስለ ከንፈሩም ላንሣ። ከዋካንዳ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የወንዝ ጎሣው ተወካይ፣ ደማቅ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ገል አድርጎ ይቀመጣል። የሚጫወተው የአይቮሪ ኮስቱ ተዋናይ ኢሳክ ደ ባንኮሌ ነው። ገሉ የእኛ ነው፤ የኦሞ ሸለቆዎቹ የሙርሲና የሱሪ ሰዎች። ለዚያውም የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። ሰዎቹ ኾሳ ይናገራሉ፤ ኾሳ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው፣ የንጉሡን አባት የሚጫወተው ጆን ካኒ ያመጣው። ማለት ቱርካና ዳር ተቀምጠው የአኅጉሩን ደቡብ ጫፍ ቋንቋ ያወራሉ። አፍሪካን እንዲህ እንደ ቅመም ሙዳይ መቀላቀል ተወቅሷል፤ እኔ ብዙም አይከፋኝም፣ አገሪቱ የለችማ። የከፋኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆሊውድ ክብር የሰጠውን ገል እኛ፣ ከጂንካ በአንድ አገር የምንኖረው፣ እንደ ቀልድ ተቀበልነው። የፊልሙን ጉድለት ስቆጥር ይህን የማን ብዬ እንደምመዘግበው ግራ ገብቶኝ ትቼዋለሁ።

የሲአይኤውን ሰው በአጭሩ ልለፈው። አንድ አሜሪካዊ ሰላይ ቆስሎ ይመጣል፣ ይታከማል፣ መጨረሻ ላይ አውሮፕላን ከርቀት እያበረረ ለዋካንዳ ይዋጋል። የኮንጎውን መሪ ሉሙምባን ለመመረዝ ሲያሴር የነበረ ድርጅት ሰው በአፍሪካ ነፃነት ፊልም ላይ የምስጋና ቦታ ማግኘቱ፣ ስክሪፕቱን የጻፉት ሰዎች ሳቅ ብለው ይሁን ሳያስቡት እንጃ።

አሁን ሁሉም የሚስማማበት ድክመት፤ የመጨረሻው ጠብ። ቲቻላና ኪልሞንገር ከመሬት በታች፣ የባቡሩ ሐዲድ ላይ ይገጥማሉ። ሁለቱም ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ አንዱ ወርቅማ መስመር አለው፣ ሌላው ወይን ጠጅ። ዋሻው ጨለማ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ የልብሱ ኃይል ይጠፋል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ብልህ ሐሳብ ነው። ሲታይ ግን የእህቴ ልጅ እንኳ «ጋሼ፣ ጌም ይመስላል» አለኝ፣ እሱ ደግሞ ለጌም ክፉ ቃል የለውም።

ምን ሆኖ ነው ጌም የመሰለው? ዓይናችን ሳናስበው ክብደት ይመዝናል። ፒያሳ ላይ ስሚንቶ የሚያወርድ ልጅ ከመኪናው ሲዘል አስተውሉት፦ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጀርባው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፣ አቧራው ይነሣል፣ ትንፋሹ ይወጣል። ያ ሁሉ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ሰውነት ከእነዚህ አንዱን ከዘነጋ አንጎላችን ምን እንደጎደለ ሳያውቅ «ውሸት» ይላል። ጭንቅላትም እጅም በጭምብልና በጓንት ሲሸፈን ዓይንን የሚያሳምን ነገር ጨርሶ አይቀርም። መጀመሪያ ያየነው የፏፏቴው ፍልሚያ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ አትላንታ ውስጥ ባሠሩት ፏፏቴ፣ እውነተኛ ውሃ ውስጥ፣ ከወገብ በላይ እርቃናቸውን የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲወድቅ ውሃው ይናገራል።

ታዲያ 200 ሚሊዮን ዶላር ይዘው ለምን ዋሻው ተበላሸ? ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመጣል። የጀግና ፊልም ግራፊክስ በአንድ ቤት አይሠራም፤ ለብዙ ኩባንያዎች ይከፋፈላል። ብዙውን ጊዜ ዋጋው ቀድሞ ይቆረጣል፣ ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ገና ከጅምሩ ተለጥፏል፣ ስቱዲዮው ግን እስከ መጨረሻው ሐሳብ ይቀይራል። ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ግንበኛው የተዋዋለው በአንድ ዋጋ ነው፣ አንተ መስኮቱን ሦስት ጊዜ ታዛውረዋለህ፣ ቤቱ የሚመረቅበት ቀን ግን አይንቀሳቀስም። የሚጎዳው መጨረሻ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ፊልም ላይ ያ መጨረሻው ጠብ ነው።

ከግራፊክሱ በላይ ግን የሚጎዳው ሐሳቡ ነው። የሁለት ሰዓት ክርክር ነበር፦ ያለው ለሌለው ምን ዕዳ አለበት? መልሱን የሚሰጠው ግን ጩቤው ነው። ኪልሞንገር ደረቱን ተወግቶ ይወድቃል። ቲቻላ ተሸክሞ ወደ ገደሉ አናት ያወጣውና የአባቱን አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ያሳየዋል። እናድንህ ሲለው፣ ከምታሰር ሰንሰለትን ጠልተው ከመርከብ ወደ ባሕር ከዘለሉት አያቶቼ ጋር ቅበረኝ ይለዋል። እስካሁን ከተሠሩት የጀግና ፊልሞች ይህን የሚያህል የሌባ አሟሟት አላየሁም። ከዚያ ንጉሡ ምን ያደርጋል? ኦክላንድ ሄዶ ልጁ ያደገበትን ሕንፃ ይገዛና የማኅበረሰብ ማዕከል ሊከፍት ቃል ይገባል። ዓለምን እንገልብጥ ላለ ሰው ማዕከል።

ኩግለር አላየውም ብዬ አላምንም። ባቡሩን አስቡ። በሁለት ወሩ የሚመጣው ቀጣዩ ፉርጎ ትልቁ ጦርነቱ ዋካንዳ ሜዳ ላይ ነው። አገሪቱ ከተለወጠች የሚቀጥለው ፊልም መነሻ ያጣል። ስለዚህ ቤቱ ለሚቀጥለው ተከራይ እንዳለ መተላለፍ አለበት፤ ግድግዳ መቀባት ይቻላል፣ ማፍረስ አይቻልም።

ያንን ሕግ ያፈረሰው ሞት ነው። ቲቻላን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በአንጀት ካንሰር አረፈ፤ 43 ዓመቱ ነበር። እሱ ሕመሙን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ማለት ፏፏቴው ውስጥ ሲፋለም ያየነው ሰው እየታመመ ነበር፣ ለተመልካቹም አልነገረም። ሌላ ሰው ሊተኩበት ይችሉ ነበር፤ አልተኩም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ቀጣዩን ፊልም በንጉሡ ቀብር ጀመሩት። ሞቱ በተሰማ ሰሞን የእህቴ ልጅ ገና ትንሽ ነበር። «አክተሩ ሞተ?» አለኝ። እንደዚያ የምንለው በእኔ ዘመን ነበር፤ ቃሉን ከማን እንደወሰደው አላውቅም። አዎ አልኩት። «ማን ገደለው?»

እሑድ ፊልሙ አለቀና ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። እኔ ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ፤ «ጋሼ ቆይ፣ ገና ነው።» ያኔ ሲኒማ ቤቱ ስሞቹ ሲጀምሩ መብራቱን አበራው፣ ሁላችንም ወጣን። ስለዚህ ይህን ክፍል ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቪየና፣ የተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ። ንጉሡ መድረክ ላይ ወጥቶ አገሩ ከእንግዲህ እንደማትደበቅ ይናገራል። ወዲያው ወደ ሐሳቤ የመጣው ሌላ አዳራሽ ነው፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጄኔቫ፣ በአማርኛ የሚናገር ካባ የለበሰ ንጉሥና ከላይ የሚያፏጩ የጣሊያን ጋዜጠኞች። እሱ በኪሱ ቫይብሬኒየም አልነበረውም።

ፊልሙ ላይ አንድ ተወካይ ተነሥቶ በማፌዝ ይጠይቃል፦ የገበሬ አገር ለዓለም ምን ሊያበረክት ይችላል?

ቲቻላ ፈገግ አለ። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

«ምን ብሎ መለሰለት?» አልኩት።

«አይመልስም ጋሼ፣ ብረቱ አለዋ» አለኝና ላፕቶፑን ዘጋው። እናቱ ሁለተኛውን ቡና ይዛ እየገባች ነበር።